ልክህን በውሃ ልክ

ጎበዝ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ጀሞ አንድ፣ ጀበና ቡና ላይ ቁጭ ብሎ «ውሃ ደግሞ ምን አለው? ባዶ ነገር እኮ ነው!» የሚል ሰው ተገኝቷል። ይህን ያለው ሁለተኛውን ሲኒ ፉት እያለ ነው። ወንድሜ፣ ሲኒህ ውስጥ ካለው ከመቶ ዘጠና ስምንቱ እጅ ውሃ ነው። ሰው የሚታማው በሌለበት ነው፤ አንተ ባለቤቱን እየዋጥክ ታማለህ!

ክርክርህ ውሃ አያነሳም፤ አንተን ግን ያነሳህ ውሃ ነው። የአዋቂ ወንድ ሰውነት ከመቶ ስድሳ እጅ ገደማው ውሃ ነው። «ሰባ ኪሎ ሞላሁ» ብለህ ደረትህን ስትነፋ፣ አርባ ሁለቱ ኪሎ የውሃ ነው። የምትፎክረው በቀረችው ሃያ ስምንት ነው። አንጎልህ ደግሞ ከሦስት አራተኛ በላይ ውሃ ነው። «ውሃ ባዶ ነው» ያልከው አንተ ነህ። ጭንቅላቴ ባዶ ነው ብለህ በአደባባይ የመሰከርከውም አንተው ነህ፤ እኔ ቃል አልወጣኝም። ታዛቢ አለ!

«እሺ፣ ውሃው ውስጥ ግን ምን አለ?» አልክ። ቤትህ ግባና የሻይ ማንቆርቆሪያህን ክፈት። ግርጌው ላይ ነጭ፣ ሻካራ ቅርፊት ተጋግሮ ታገኛለህ። በጥፍርህ ፋቀው፤ ይፈረፈራል። ሎሚ ጭመቅበት፤ ቸስ ብሎ አረፋ ያወጣል። ያ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ በአለት ውስጥ ሰርጎ ሲመጣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት አሟሙቶ ይመጣል፤ አዮን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስታፈላው ካልሲየሙ ግርጌ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። እግርህን ምን ታያለህ? ካልሲየም ነው ያልኩህ፣ ካልሲ አላልኩም! «አዮን የሚባል ነገር አይታይም» ስትል ከረምክ። ይኸው፣ አዮኑን አየን! ባዶ ነገር ደግሞ ማንቆርቆሪያ አያስፍቅም።

አሁን ፎቅ እንውጣ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ሮቶ ገዛህ፣ ፓምፕ ገጠምክ። መብራት ሲጠፋ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለህ ደረጃውን ስትቆጥር ታመሻለህ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሠላሳ ሜትር ላይ ለተንጠለጠለችው ቅጠሉ ውሃ ያደርሳል። ፓምፕ የለው። ሮቶ የለው። ቆጣሪ የለው። እንዴት? የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጎኑ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎኑ ትንሽ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ እርስ በርሱ ይሳሳባል፤ የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው ይህ ነው። ቅጠሉ ላይ አንዱ ሞለኪውል ሲተን የታችኛውን ይስባል፤ ያም የበታቹን፤ እስከ ሥሩ ድረስ። አንዱ ሌላውን አይለቅም። እናንተ አንድ ብሎክ ሙሉ ሰው ለሮቶ ማጠቢያ መቶ መቶ ብር አዋጡ ስትባሉ በየበራችሁ ትገባላችሁ! ባዶው ማን ሆነ?

ትዕግሥቱንም ተማር። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ብዙ ሙቀት ተቀብሎ ጥቂት ብቻ ይግላል። በቀን ፀሐይ አናትህን ሲበሳው፣ ማታ የላፍቶ ብርድ ሲገርፍህ፣ ሰውነትህ 37 ዲግሪ አካባቢ የሚቆየው አንድም በዚህ ነው። ላብህ ከቆዳህ ላይ ሲተን ደግሞ ሙቀትህን ይዞት ይሄዳል። አርባ ሁለት ኪሎ ትዕግሥት ተሸክመህ፣ አንተ በአንድ ቃል ትፈላለህ!

ጠባዩንም ስማ። ውሃ ጨው ሲያገኝ ሶዲየሙን ለብቻ፣ ክሎራይዱን ለብቻ ከብቦ ይለያያቸዋል። ሽማግሌ አልተቀመጠ፣ ፍርድ ቤት አልተኬደ፣ ፍቺው አለቀ። ሶዲየም ጥሬ ብረት ሆኖ ውሃ ላይ ቢጣል ይፈነዳል። ክሎሪን ጋዝ ሆኖ ቢማግ ሰው ይገድላል። ሁለቱም አዮን ሆነው ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ሽሮህን ያጣፍጣሉ፣ ነርቭህን ያናግራሉ። ውሃ ጠባይ ያርቃል። አንተም ረዘም ላለ ጊዜ ብትዘፈዘፍበት ጥሩ ነው።

«ውሃ ካሻኝ አምቦ እጠጣለሁ፤ እሱ እንኳ ነገር አለው» አልክ። አመለጠህ! ውሃ ነገር እንዳለው በገዛ አፍህ አመንክ። አዎ፣ አምቦ ከመሬት ሲወጣ ባይካርቦኔት፣ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ነው። ያው ባይካርቦኔት አሁን ደምህ ውስጥም አለ። ሥራው የደምህን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ማቆየት ነው። ስትናደድ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለህ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ፒኤችህ ከመስመር ያልፋል፤ ጣትህ ይደነዝዛል፣ ከንፈርህ ይነዝርሃል። ስለዚህ በተረብ ስትሸነፍ አትናደድ። ፒኤችህን ጠብቅ!

«ተረት አታውራ፤ ማስረጃ አምጣ» አልክ? ማስረጃዬ እንቁራሪት ናት። ለንደን፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.። ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ያስመታል። ልቡ ድው ድው ይላል። ደስ ብሎት ጻፈው። ቀጥሎ ጨዉን ምንም በሌለበት በተጣራ ውሃ ሲበጠብጠው ልቡ ቀጥ! ነገሩ ሲመረመር፣ ቀደም ሲል ረዳቱ የቀዳለት የተጣራ ውሃ ሳይሆን የለንደን የቧንቧ ውሃ ኖሯል። ልቡን ሲያስመታ የከረመው ቧንቧው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው። በ1883 ሪንገር ይህንኑ አሳተመ። ስማ እንግዲህ! ምንም የሌለበት ውሃ ልብ አቆመ። ነገር ያለበት ውሃ ልብ አስመታ። ዛሬ በየሆስፒታሉ አልጋ ራስጌ የሚንጠለጠለው ሪንገር ላክቴት ስሙን የወሰደው ከዚያ ሰው ነው። አንተ ግን የተንጠለጠለ ነገር ስታይ ሁሉንም «ግሉኮስ ተሰካለት» ትላለህ። ሪንገር ውስጥ ያለው ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ክሎራይድና ላክቴት ነው፤ ግሉኮስ ጠብታ የለበትም። ለእንቁራሪት ልብ የገባው ለአንተ ልብ አልገባም!

ልብህ ተነካ አይደል? አሁን ነርቭህን ልንካው። ንፋስ ስልክ ስለምትኖር መልእክት በነፋስ የሚሄድ መስሎሃል። የሰውነትህ ስልክ በነፋስ አይሠራም፤ በጨው ነው! እያንዳንዱ ሕዋስህ በር ላይ የማይተኛ ወያላ ቆሟል። «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሦስት ሶዲየም ያወርዳል። «ግቡ፣ ግቡ!» ይላል፤ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ሦስት ወራጅ፣ ሁለት ገቢ። የሜክሲኮ–ጀሞው ግን አንድ አውርዶ አራት ይጭንብሃል። ይህን የሕዋስ ወያላ ዴንማርካዊው ዬንስ ስኩ በ1957 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ በ1997 ለዚሁ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ሒሳብ የሚቀበለው በኤቲፒ፣ በሕዋሱ የጉልበት ሳንቲም ነው። ቁጭ ብለህ ስታወራ እንኳ ከምታቃጥለው ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማውን እሱ ይሰበስባል። በእሱ ድካም ፖታሲየሙ ውስጥ፣ ሶዲየሙ ውጭ ይከማቻል። ነርቭህ መልእክት ሲልክ በሩ ብርግድ ይላል፤ ሶዲየም ይገባል፣ ፖታሲየም ይወጣል፤ በጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ነገሩ አለቀ። «ውሃ ባዶ ነው» ያልክበት ምላስህ የተንቀሳቀሰው በዚሁ ነው። ሶዲየም ከገባባቸው ቀናት ሁሉ ይህኛው ብቻ ይቆጨዋል!

አሁን ደግሞ ዞረህ «ጨው እኮ መርዝ ነው፤ ሐኪም ከልክሏል» አልክ። ከውሃ ሸሽተህ ጨው ውስጥ ገባህ! ሐኪም የከለከለው ማብዛቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ልክ አለው ማለት ይጥፋ ማለት አይደለም። ቅድመ አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአፋር በረሃ በግመል የመጣውን አሞሌ ጨው እንደ ብር ቆጥረው ገበያ ወጥተዋል። እሳቸው በጨው ገዙ፣ በጨው ሸጡ። አንተ ጨዋታህም ጨው የለው! ጨዋ ሰው ደግሞ ጨው አይሰድብም።

አዮዲኑስ? እንቅርትን ተረት እስክናደርገው የለመድን ሕዝብ ነን። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ትስቃለህ። ደጋው ላይ ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። አንገት ሥር ያለችው እጢ አዮዲን ስታጣ ታብጣለች። እናት በእርግዝናዋ ስታጣው ደግሞ የሚጎዳው የጽንሱ አእምሮ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ነው፤ በዓይን የማትታይ ቅንጣት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አዮዲን ያለው ጨው በብዛት የሚመጣልን ከኤርትራ በኩል ነበር። ከእሷ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ። ፊታችንን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞርን፤ ጨው አገኘን፣ አዮዲን ጎደለን። በ2011 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት ብሎ ደንብ አወጣ። አንተ ሱቅ ሄደህ «ርካሹ የቱ ነው?» ብለህ ያልታሸገ ጥሬ ጨው ታስመዝናለህ። አንዳንዴ ዕድል ቀንቶህ አዮዲን ያለውን ብትገዛ እንኳ ክዳን በሌለው ጣሳ ምድጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለህ። አዮዲኑ ቀስ በቀስ ተንኖ የውሃ ሽታ ሆነ። በእንቅርት ላይ አንተ!

«እኔ እንጀራዬን በልቼ እኖራለሁ፤ ማዕድን ምን ያደርግልኛል?» አልክ። ማዕድ ያለ ማዕድን የት ይገኛል? ጤፍህ ብረት አለው። ያ ብረት ሄሞግሎቢን ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን ይሸከምልሃል፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ጭነቱ ቀላል አይደለም። ጎመንህ አረንጓዴ የሆነው ክሎሮፊሉ መሃል ማግኒዥየም ስለተቀመጠ ነው። አጥንትህ ካልሲየምና ፎስፌት ነው። ከአባትህ የወረስከው ዲኤንኤ በፎስፌት የተሰናሰለ ነው፤ ግትርነትህን እንኳ በፎስፌት ነው የወረስከው! ምሳህን ጨርሰህ ሳትነሳ ግን ቡና ትደርብበታለህ። ቡናው የእንጀራህን ብረት ጠፍንጎ ይይዘዋል፤ ብዙው ሳይሰርግ ያልፋል። «እኔ ብረት ነኝ» ትላለህ፤ ብረቱን ራስህ እየደፋኸው። አንድ ሰዓት ታገሥ፤ ጀበናው የትም አይሄድም።

«እንዲህ ከሆነማ አዮን እንደ ልቤ ልጠጣ!» አልክ። አያችሁት? ከባዶ ተነስቶ በአንድ ዝላይ ትርፍ ጭነት! መልስህ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ወንጂ፣ መቂ፣ ባቱ። እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ለጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ያቀብለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በልኩ ሲሆን የጥርስን ሽፋን ያጠነክራል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያወይባል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ያጣምማል። አንተ ግን ጥርሱ የወየበ ሰው ስታይ «መፋቂያ አያውቅም እንዴ?» ብለህ ስቀሃል። ቀለሙ የገባው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው፤ የምን መፋቂያ! አንተ በነጭ ጥርስ ጥቁር ነገር ትናገራለህ። «አፍልቶ ቢጠጣውስ?» ደግሞ አልክ። ስታፈላው የሚተነው ውሃው ነው፤ ፍሎራይዱ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከብት አጥንት አክስለው ፍሎራይዱን የሚያጣሩ አሉ፤ አጥንት ፍሎራይድ እንደሚይዝ ገብቷቸዋል። አንተ ከአጥንት የገባህ ቅቅሉ ብቻ ነው!

«በቃ፣ ውሃውን ብቻ በላይ በላዩ ልጋተው!» ብለህ ለታላቁ ሩጫ ተነሳህ። በሁለት እጅህ ሁለት ሃይላንድ! ላብህ ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ይቆጠቁጥሃል፤ ሶዲየም ይዞ ስለሚወጣ ነው። በምትኩ ውሃ ብቻ ያለ ልክ ከሞላህበት ደምህ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይሳሳል፤ ውሃው ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ አንጎል ያብጣል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ማብቂያ ላይ ደማቸው የተመረመረ 488 ሯጮች ነበሩ፤ ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኘ። «ውሃ ቀጠነ» ብለህ ከሰው ስትጣላ የኖርክ ሰው፣ በመጨረሻ በውሃ ደምህን አቀጠንክ! ሲጠማህ ጠጣ። አንተ ደግሞ ግማሹን መንገድ በእግርህ፣ ግማሹን በሰልፊ ነው የምትጨርሰው፤ ለማን ብለህ ነው ሁለት ሃይላንድ የምትጋተው?

«ይህ ሁሉ ወሬ ለእኛ ሰፈር ምን ይረባል?» አልክ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የት ነበርክ? አተት፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በየቤቱ እጅ ሲታጠብ፣ ጥሬ ሰላጣ ሲፈራ! እንዲህ ያለውን ተቅማጥ የሚያመጣው ኮሌራ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ስማ። የአንጀት ሕዋስን የክሎራይድ በር ከፍቶ ቁልፉን ይጥለዋል። ክሎራይድ ይወጣል። ሶዲየም ይከተለዋል። ውሃ ሁለቱን ይከተላል። ጠዋት የቆመ ሰው ማታ ዓይኑ ይሰረጉዳል። «ባዶ» ያልከው ነገር ሲወጣ፣ ባዶ የሚሆነው ሰውየው ነው!

ታዲያ ውሃ ብቻ ብታጠጣው? አያዛልቀውም። ጨው ብቻ ብትጨምርበት? መግቢያው በር ላይ ይመለሳል። ሶዲየም በዚያ መግቢያ የሚገባው የውሃ አጣጩን ይዞ ነው፤ ግሉኮስን። ተያይዘው ሲገቡ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ሮበርት ክሬን ይህን በ1960 እ.ኤ.አ. አስረዳ። በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በኮሌራ ሲረግፉ፣ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚንጠለጠለው ፈሳሽ አለቀበት። ጨውና ግሉኮስ በብዛት አስበጥብጦ አጠጣቸው። ከመቶ 30 ገደማ ደርሶ የነበረው ሞት እሱ ባለበት ካምፕ ከመቶ ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ ከጤና ጣቢያ የምትቀበለው ኦአርኤስ የዚሁ ልጅ ነው። በአንድ ሊትር ሶዲየሙ 75 ሚሊሞል፣ ግሉኮሱም 75። እኩል ለእኩል! አንተ እስከዛሬ የውሃ አጣጭ ያላገኘኸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ፓኬቱን ሲሰጡህ ደግሞ በአንዲት ብርጭቆ በጥብጠህ «ጠንከር ይበልለት» ትላለህ። አረቄ ነው እንዴ? ሲወፍር ከሰውነቱ ውሃ ይስባል፤ ልታድነው ብለህ ታደርቀዋለህ። «ይብቃቃ» ብለህ ሁለት ሊትር ስታደርገው ደግሞ ጨዉ ይሳሳል። አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ! ነጥብ። ፓኬት ከጠፋ ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ለጥ ያለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ለጥ ያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በትንሽ በትንሹ እያጠጣህ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ። እዚያ ላይ ብትሮጥ እኔም አጨበጭብልሃለሁ።

ግንበኛው ኮንዶሚኒየምህን ሲያቆም ውሃ ልክ ይዞ ነበር። ፈጣሪም አንተን ሲያቆም ውሃ ልክ ይዞ ነበር፤ ያጣመምከው ራስህ ነህ! ተነስ፣ ሱቁ ሳይዘጋ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዛ። ክዳን ያለው ዕቃ ፈልግለት። ቤትህ ውስጥ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ አስቀምጥ፤ አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለጎረቤትህ ልጅ። ከዚያ በኋላ መከራከር ካማረህ ሰፈሩን ታውቀዋለህ፣ ተመልካቹም አልተበተነም። ልክህን ግን ለክተህ ና!